ሰሜን ይቅደም

ኖርድቪካ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 2019

ለምወድሽ ልጄ ለኢንግቪል፣

ደብዳቤዬን ስታዪ እንዳትደነግጪ፤ ማንም አልሞተም። ጉልበቴ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። የምጽፍልሽ ላመሰግንሽ ነው።

ጎረቤታችን ጉሮን መቼም አትረሻትም። ከእርሻዋ በላይ ያለውን መንገድ ለማስፋት አለቱን በድማሚት ሊያፈርሱት ተነሱ። የምንጯ ውሃ የሚመጣበት የድሮ ቦይ ግን ከመሬት በታች ስለሆነ አይታይም። አንቺ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሽ፣ የመለኪያ ዘንጉን ይዘሽልኝ የለካነው ያ መስመር ነው። ተቋራጩ «እስከ ዓርብ ካርታ ካላሳያችሁን ሰኞ እናፈነዳለን» አለ። ቦዩ ከተናደ ጉሮና በጎቿ ውሃ የላቸውም።

ልኬቱ ያለው ከኩባንያ ገዝቼ ዕድሜ ልኬን የሙጥኝ ባልኩት የካርታ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ ነበር። ደብተሩን የምድር ቤቱ ጎርፍ በልቶታል። ኩባንያው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ፕሮግራሙን የምታስነሳው፣ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካው ቁልፍም ሞተች። በገዛ እጄ የለካሁትን መሬት ማየት አቃተኝ።

የማዘጋጃ ቤቱ አዲሷ መሐንዲስ ሲሪ፣ «አስላክ፣ ለምን በነፃው ፕሮግራም አንሞክረውም?» አለችኝ።

«ተይኝ እባክሽ! ማንም እየመጣ የሚነካካውን?»

«እንግዲያው ለጉሮ አንተው ሄደህ ንገራት።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ግን ጉሮን ስለምፈራ ለቀቅኩ። ሲሪ ያንን እኔና አንቺ የተጣላንበትን ነፃ ፕሮግራም ጫነች፤ የድሮ ፋይሎችን የሚያነብ፣ አንድ ሰው ሠርቶ በነፃ ያስቀመጠው ተጨማሪም አገኘችለት። ፋይሉ ተከፈተ! ነጥቦቹ ግን ካርታችን ላይ የሉም። ሲሪ ፈልጋ ፈልጋ ስታገኛቸው በሳቅ ፈረሰች።

«አስላክ፣ የጉሮ ምንጭ ሕንድ ውቅያኖስ ገብቷል!»

ገባኝ። እኛ የድሮዎቹ ቀያሾች የአንድን ነጥብ ቦታ ስንመዘግብ መጀመሪያ የሰሜኑን ቁጥር፣ ቀጥሎ የምሥራቁን ነው የምንጽፈው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ገልብጦ ያነባል። ሲሪ ማስተካከያውን ስትከፍት ምልክት የሚደረግባት አንዲት ባዶ ሣጥን አየሁ፤ «ሰሜን ይቅደም» ትላለች። ከሥሯ በትንሹ ተጽፏል፦ «ሰሜንን አስቀድመው ለሚጽፉ። አባቴ እንደዚያ ነው።»

የሠሪው ስም ኢ. ሃውግላንድ ይላል። የእናትሽ የቤተሰብ ስም። የእኔን እንደተውሽው አላውቅም ነበር፤ ግን አልከፋኝም። ሲሪ እንዳታየኝ መነጽሬን ልፈልግ ብዬ ተነሳሁ። መነጽሩ አፍንጫዬ ላይ ነበር።

ሣጥኗን ስንነካት ነጥቦቹ ተሰብስበው ጉሮ ደጃፍ መጡ። ተቋራጩ ካርታውን አይቶ ፍንዳታውን አሥራ ሁለት ሜትር ወደ ላይ ገፋው። ትናንት ከቧንቧዋ ጠጣሁ፤ ውሃው ከመቀዝቀዙ የተነሳ ጥርስ ያማል፣ እንደ ድሮው። ጉሮ የበግ ሥጋ በጥቅል ጎመን ቀቅላ በድስት አመጣችልኝ። «ላንተ እንዳይመስልህ» አለችኝ፣ «ለልጅቷ ነው። እሷ ሩቅ ስለሆነች አንተ ብላላት።» በላሁልሽ፤ ድስቱን ጠርጌ።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ለነፃው ፕሮግራም ስትሠሪ አይቼ፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ «ያልተከፈለበት ሥራ ዋጋ ቢስ ነው» አልኩሽ። አንቺ ሻንጣሽን አንስተሽ ሄድሽ። ተሳስቼ ነበር፣ ልጄ። የከፈልኩበት ቆልፎብኝ ሞተ፤ አንቺ በነፃ የሰጠሽው ከፈተልኝ። ከዚያ ሁሉ ንግግሬ በኋላ፣ እኔ ለምጠቀምበት ቀን ሣጥን አስቀምጠሽልኝ ነበር። አመሰግንሻለሁ።

እዚያ ታዝማኒያ አሁን ጸደይ ነው አሉ፤ ደስ ይበልሽ። እግዚአብሔር በሄድሽበት ይጠብቅሽ፣ እጅሽንም ይባርክልሽ።

አባትሽ አስላክ

የቤታችን ነጥብ 6907412፣ 358120 ነው። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሰሜኑን አስቀድሜዋለሁ። በሩም ቁልፍ አይፈልግም።