ኮፈኑ ውስጥ የጻፍሃት ቃል

ውድ አለኸኝ፤

ደኅንነትህን አልጠይቅም፤ ደኅና ካልሆንህ መስማት አልፈልግም። ይህን የምጽፍልህ ታኅሣሥ ዐሥራ አራት ቀን፣ ከሩዝ አውድማ መልስ ነው። ገና ገና ነው። እስቲ ይህችን መልሰህ አንብባት፤ ካልተምታታችብህ ከእኔ ትሻላለህ ማለት ነው። ስልክህ ከኅዳር ወዲህ ስለማይነሣ ደብዳቤውን አንተ ወዳለህበት መተማ ጭነት ለሚያመላልሰው ለባየህ ሰጥቼዋለሁ። ባየህ ወሬ እንደሚወድ ታውቃለህና ፖስታውን በክር ሰፍቼዋለሁ። ክሩ ተተርትሮ ከደረሰህ እሱም አንብቦታል፤ ምን ይደረግ።

የሄድህበት ቀን ትዝ ይልሃል? ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የነዳሃትን ትንሿን ትራክተራችንን ጎኗን መታ መታ አደረግሃትና «ሁሉንም ኮፈኑ ውስጥ ጽፌልሻለሁ» አልህ። ጽፌላችኋለሁ አላልህም። እኔም ያችን «ልሻለሁ» ይዤ፣ ሚኒባስህ ሞልቶ ከወረታ መናኸሪያ ሳይወጣ ቤት ደርሼ ኮፈኑን አነሣሁት። ምን አገኛለሁ ብዬ እንደነበር አንተው ገምት። ያገኘሁት በነጭ ቀለም የተጻፈ ሦስት መስመር ነው፦ ዘይት ትንሣኤ፤ ዘይት መስቀል፤ ዘይት ገና። ቆሜ ሳቅሁ፤ ከዚያ ትንሽ አለቀስሁ።

ዘይት የቀየርህበትን ጊዜ በበዓል መያዝ ልማድህ ስለሆነ፣ ለገና ተቀይሯል ብዬ አነበብሁት። ማንስ ቢሆን ሌላ ምን ብሎ ያነብበዋል?

መጀመሪያ ያስተማርኸኝ ቀን ይህች ማሽን ከሰው የምትደብቀው ነገር የላትም ብለኸኝ ነበር። እውነትህን ነው። ኮፈኗ በአንድ እጅ ይነሣል፤ የዘይት መለኪያው ዘንግ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው፤ የአየር ማጣሪያው ያለ መፍቻ ይወጣል፤ ራዲያተሩ ላይ የሚለጠፈውን የሩዝ ገለባ በመዳፍ ማራገፍ ይቻላል። የደበቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዘይቱ ፊልትሮ ለጭቃ መከላከያ ከተሠራው ላሜራ ጀርባ ነው። የአንተ እጅ እዚያ ሲገባ አንጓው ላይ ይያዛል። ስትረግማቸው የነበሩት ሠሪዎቿ እንዲያ ያለ እጅ ያለው ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም ይሆናል። የእኔ ግን ገባ። ከዚያ ወዲያ ዘይት በተቀየረ ቁጥር እኔ በዳሰሳ እፈታለሁ፣ አንተ መፍቻ ታቀብላለህ፤ ትከሻና ትከሻችን ተነካክቶ ስለ ዘይት ብቻ እናወራለን። እኔ በበኩሌ ስለ ዘይት አልነበረም የማወራው። ለመስቀል አዲሱን ፊልትሮ ስናስገባ በጥፍር ቀለም የስሜን «ሰ» ጻፍሁበት። አይተህ ቀኑን ሙሉ ስታፏጭ ዋልህ።

ታዲያ ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ የሩዙን ማሳ ደግመን ስናርስ፣ ሞተሩ ተንገጫግጮ መሀል ማሳ ላይ ቆመ። ሰውመሆን መካኒኩ ከወረታ መጥቶ ከፈታት። ዘይቱ ቅጥራን ሆኗል። ላሜራውን አንሥቶ ፊልትሮውን ሲያወጣው ያችው «ሰ»ዬ አለች። አባቴ ፊደሏን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ። ማን እንደጻፋት አልጠየቁም፤ የኮፈኑን ጽሑፍ አነበቡና «ያ ልጅ ዋሽቶናል» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስምህን አይጠሩም፤ «ያ» ነው የሚሉህ። ሩዙን ጎረቤት በሬ አውሶን ዘግይተን ዘራነው።

እኔ ግን እንደዋሸኸን አልተዋጠልኝም። ገናን እኔ ከእናቴ ጋር ጣራ ገዳም ነበርሁ፤ የተመለስሁትም አንተ ልትሄድ ስትል ነው። እጄ በሌለበት ፊልትሮውን ትተህ ዘይቱን ብቻ ቀይረህ ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ የጻፍኸው እውነት ነው። ወይም ደግሞ ምንም አልቀየርህም፤ ጽሑፉም ሌላ ነገር ነው የሚለው። ቢቸግረኝ ቃሏን በወረቀት ገልብጬ ወደ የኔታ ኪዳነ ማርያም ሄድሁ። መነጽራቸውን ካደረጉ በኋላ ብዙ አዩዋት።

«ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» አሉኝ።

ቡሎኑ መስሎኝ «ጠብቋል የኔታ፤ ራሴ ነኝ ያጠበቅሁት» አልኋቸው።

በጣም ሳቁ። ተማሪዎቻቸው ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። «ቃሉን ነው እንጂ ልጄ፣ ቡሎን አይዶለም። ‹ና› ከጠበቀች በዓል ናት፤ ከላላች ያልደረሰ ነገር ነው። ወረቀት ይህን አይነግርሽም። የጻፈውን ሰው ከአፉ መስማት ነው።»

መንገዱን ሁሉ «ገና፣ ገና» እያልሁ፣ አንዴ እያጠበቅሁ አንዴ እያላላሁ ሄድሁ። ያየኝ ሰው ለየላት ብሎ ይሆናል። ዘይት፣ ገና አልተቀየረም። ይህን ነበር የጻፍህልኝ? እጅሽ እስኪመጣ ጠብቄ ነበር፣ ሳይሆን ቀርቶ ሄድሁ፣ አንቺ ቀይሪው ማለትህ ነበር? እንዲያ ከሆነ ዋሾው አንተ አይደለህም፤ ማንበብ ያልቻልሁት እኔ ነኝ።

አሁን ለአባቴ ያልነገርሁትን ልንገርህ። ከየካቲት ጀምሮ በየጠዋቱ ዘንጉን ስመዝዝ ዘይቱ እየጠቆረ ሲሄድ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ስልክህ ይሠራ ነበር። አንድ ጥያቄ ብጠይቅህ ይበቃ ነበር። ግን በስንት ጊዜ አንዴ የሚገባልኝን ስልክ በዘይት ላባክነው? ደግሞም ብጠይቅህ አላመነችኝም ትላለህ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ የወደድሁትን ንባብ ይዤ ነዳኋት፤ ከተቃጠለች በኋላ ደግሞ ልጠይቅህ አፈርሁ። ጥፋቱ የእኔም ነው።

ሰውመሆን ትራክተሯን አድኗታል። ዳግም እንዳያስቸግር ብሎም ላሜራውን በመጋዝ ቆርጦ በማጠፊያ የሚከፈት በር አበጀለት። አሁን የማንም እጅ ይገባል፤ ያንተም ቢሆን። አባቴ መረቁት። እኔ ግን ሥራዬን የተቀማሁ ያህል ከፋኝ። ሰው የተመቸ ነገር ሲሠራለት ይከፋዋል? ይኸው፣ ራሴን አላውቀውም።

በኅዳር «መቼ ትመጣለህ?» ብዬ በስልክ ጻፍሁልህ። የመለስህልኝ አንዲት ቃል ነበረች፦ «ገና»። ከዚያ ስልክህ ጠፋ። አለኸኝ፣ ከቃል ሁሉ ይህችን መምረጥህ ምን ብበድልህ ነው? ስምህን ስጠራ እንኳ ስም እየጠራሁ ይሁን ራሴን እያጽናናሁ አላውቅም። የምር አለኸኝ?

እንድትቸኩል አይደለም የምነግርህ፤ ግን ከሐሙሲት ሽማግሌ ተልኮብናል። ሰውዬው የሩዝ መፈልፈያ አለው፤ ክፉ አይሉትም። አባቴ መልሱን ለጥምቀት ማግስት ቀጥረዋቸዋል። ትናንት አባቴ «ቆረጥሽ ወይ?» ሲሉኝ «ገና» አልኋቸው። በአፍ ሲሆን እንዴት ያለ ግልጽ ቃል ነው! አላልቼ ነው ያልሁት፤ ገባቸው።

እንግዲህ ያንተን እኔ ላነብልህ አልችልም። አንዴ የወደድሁትን አንብቤ ሞተር አቃጥያለሁ። ለገና ከመጣህ መጣህ፤ መልሱን በዓይኔ አየዋለሁ። መምጣትህ ገና ከሆነም በባየህ ስልክ ድምፅህን ላክልኝ፤ ቃሏን በአፍህ በላት እንጂ እባክህ አትጻፍልኝ። ዘይቱ ተገዝቶ ተቀምጧል። ለገና እቀይረዋለሁ፤ ይህችኛዋን ጠበቅ አድርገህ አንብብ።

ነጭ ቀለምህ ጣሳው ውስጥ ሊደርቅ ሲል ደርሼበት፣ ኮፈኑ ውስጥ ካንተ ሦስት መስመር በታች እኔም አንዲት ቃል ጻፍሁ፦ «ትጠብቃለች»። ዛሬ ጠዋት አባቴ ኮፈኑን ከፍተው አነበቧት። ስለ ቡሎኗ መስሏቸው «ደግ፣ ትጥበቅ» አሉ።

አንተ ግን ስትመጣ «ብ»ዋን አጥብቀህ አንብባት።

ሰገን አድማሴ
ከወረታ