ሽማግሌውን ወደ ቦታው መልሺ

ልጄ፣ ያለሽበት ይመችሽ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይቃናልሽ። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው ተጠግኗል፤ እህትሽም ፈተናዋን አልፋለች። አባትሽ ግን ጉልበቱ አብጦ ከተኛ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ጥፋቱ የካርታሽ ነው። ሽማግሌው የምንለው ከመስኮታችን የሚታየውን አጭሩን ተራራ መሆኑን እያወቅሽ፣ ስሙን ከኋላው ላለው ረጅም ተራራ ሰጠሽው። ስም ለረጅም ነው ያለሽ ማነው? ያንን ከዚህ ሆኖ የሚያየው ስለሌለ ስም ያወጣለትም የለም። አሁን ተጓዦች ሽማግሌው ሥር ያለውን ማደሪያ እንፈልጋለን ብለው፣ መንገድ በሌለበት በረዶ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ ወር ብቻ አባትሽ ሦስቴ ወጥቶ አወረዳቸው። «ስልሳ አራት ዓመትህ ነው፣ ተው» ስለው፣ «ታዲያ ማን ያውርዳቸው፣ አንቺ?» አለኝ።

ማክሰኞ ያወረደው ሰውዬ እኛው ቤት ሻይ እየጠጣ፣ «ይህን ካርታ የሠራው ደንቆሮ ማን ይሆን?» አለ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ልጄ ናት የሠራችው» የሚለው አባትሽ፣ አንገቱን ደፍቶ «እኔ ምን አውቃለሁ» አለ።

እባክሽ አለቆችሽን ለምነሽ ስሙን አስመልሺ። ረጅሙ ያለ ስም ቢኖር ምንም አይሆንም። ይህን መጻፌን አባትሽ አያውቅም፤ ካርታው ሲታረም አንቺው ደውለሽ ንገሪው። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ።

እናትሽ