ያለህበት ዋሻ ነገ ሊደፈን ነው

...ፊትህ ሁሉ ከሰል ሆኖ፣ ዓይንህና ጥርስህ ብቻ እየታየ በር ላይ ስትቆም፣ ልጃችን ብርቱካን ጅብ መጣ ብላ ቀሚሴ ውስጥ ተሸሸገች። አንተም ሳቅህን ይዘህ፣ «ኧረ አንቺ፣ የገዛ ልጄ ከቤቴ ልታባርረኝ ነው፤ አስገቢኝ» አልከኝ። ከዚያ ምን እንዳልኩህ ጠፋኝ። ውሃ ቀዳሁልህ መሰለኝ። ወይም ገና ልቀዳልህ ነበር።

አለምነው፣ አለሜ፣ ከተለየኸኝ አሥራ ሰባተኛው ክረምት አለፈ። ተለየኸኝ ልበል እንጂ የት እንዳለህ አውቃለሁ። ከሰል ትቆፍሩበት የነበረው ዋሻ ወደ ግራ ከሚታጠፍበት፣ ከተናደው ድንጋይ ወዲያ ነህ። ሌሎቹ ወጡ። አንተን ፈልገው ፈልገው፣ ጣሪያው እንደገና ሲያጓራ ተዉህ። ቢቸና ቤተ ክርስቲያን የቀበርነው ካፖርትህን ነው። ሬሳ እንደሌለበት እያወቀ አገሩ ሁሉ ያንን ሳጥን ተሸከመ፤ ቀለለኝ ያለ ሰው ግን አልነበረም። በዚያ በኩል ሳልፍ እሳለማለሁ እንጂ መቃብሩ ላይ አላለቅስም። ለካፖርት ምን ይለቀሳል?

ከሰል ማውጣቱ ከቆመ ወዲህ የሠራተኞቹን ካምፕ ብታየው አታውቀውም። ጸጉር ቤቱ፣ ፑል ቤቱ፣ በደመወዝ ለት ሙዚቃ የሚያንባርቁት መጠጥ ቤቶች፣ ቆርቆሯቸው ተነቅሎ ጉንደ ወይን ገበያ ተሸጠ። ግድግዳው ብቻ ቀረ። ነፋስ ሲገባበት ሰው የሚያወራ ይመስላል። ቆሜ አዳምጣለሁ። ከዚያ አፍራለሁ።

አሁን የሚመጣው ጎብኚ ነው። ከሞጣ በኩል ሰባራ ድልድይን አይቶ የሚመለሰው ጎራ ይላል። ከሰል ትገፉበት የነበረው ጋሪ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ደጃፉ ላይ ተተክሏል። ወጣቶቹ ጉንጫቸውን በከሰል ይለቀልቁና፣ «ዛሬማ እናትህም አታስገባህም!» እየተባባሉ ፎቶ ይነሳሉ። አስጎብኚዋ ብርቱካን ናት። አድጋልሃለች። ያን ጊዜ ልጆች አባቶቻቸውን አይለዩም ነበር ስትል ሰው ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች። የማን ልጅ እንደሆነች ግን አትነግራቸውም።

ነገ ሊደፍኑት ነው፣ አለሜ። ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን በሙሉ፣ በኮንክሪት። መሐንዲሱ ጣሪያው አያስተማምንም፣ ካልተደፈነ ጎብኚ አይገባም አለ። ጎብኚ ካልገባ ብርቱካን ሥራ የላትም። ከተደፈነ ደግሞ አንተን የሚያወጣህ አይኖርም። እኔ እኮ አንድ ቀን ማሽን አምጥተው ያወጡታል እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት። የነፍስ አባታችን፣ «ልጄ፣ ፍታቱ ደርሶለታል፤ ምድር ሁሉ የእግዚአብሔር ናት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ብርቱካንም፣ «እማዬ፣ አባዬ እኮ እዚያ የለም» አለችኝ። እንዴት ነው የሌለኸው? ታዲያ የማወራው ከማን ጋር ነው?

ይህን የምጽፍልህ መታጠፊያው ላይ ተቀምጬ ነው። ጎብኚዎቹ ወጥተዋል። አምፖሉ እንደበራ ነው። ከድንጋዩ ወዲያ አንድ ነገር ጠብ ይላል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ጠብ ይላል። ውሃ ነው። ውሃ መሆን አለበት።

ቢደፍኑትም አልረሳህም። ቤት ስትገባ ጎንበስ ማለት እየረሳህ ግንባርህን መመታትህን፣ እንጀራ ቆርሰህ መጀመሪያ ለልጅህ ማጉረስህን፣ ሁሉን እይዝልሃለሁ። ከዚህ ግን አልነሳም። ገና አልነሳም።

ብርቱካን መጣች። የመዝጊያ ሰዓቷ ነው፤ ቁልፉ እጇ ላይ ነው። ተነሽ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ድንጋዩን አየችው። እኔን አየችኝ። ሄልሜቷን አውልቃ አጠገቤ አስቀመጠችና ወደ ደጁ ተመለሰች። የወጣች መስሎኝ ነበር።

ከውስጥ ሆና የዋሻውን የብረት በር ሳበችው። ተዘጋ።