ለሰው የሰጠሁት ኮሌታ

ጥቅምት 7

ለአስኮዎቹ ኳየር ሃያ አራት ጋውን ነው የምሰፋው። አስራ ስድስቱ አለቀ። በወፍራም ድምፅ የሚዘምረው ሰውዬ ልኩን ሊሰጥ መጥቶ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ። «ልቀቀው፣ እሱም የኳየሩ አባል ነው» አልኩት። በሳቅ ሲርገፈገፍ ሜትሩ ከእጄ ወደቀ።

ከሰዓት የእህቴ ልጅ ራዕይ መጣች። የቤተክርስቲያናቸው ወጣቶች ልከዋት ነው። እሁድ ሳምንት በእጅ ሙያቸው የኖሩ ሰዎች ይጠየቃሉ፤ እንደ አዲስ ብትጀምሩ ምን ትለውጡ ነበር? እኔንም መርጠውኛል።

«ቁመቴን» አልኳት።

«ጋሼ፣ የምሬን ነው።»

የምር ምን እለውጣለሁ? ማንም ሳያስተምረኝ አሮጌ ኮት እየፈታሁ የተማርኩ ሰው ነኝ። ደህና ኖሬያለሁ።

ጥቅምት 9

ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ሰርግ። ኳየሩ ሲገባ ቆሜ ቀረሁ። የለበሱት የኔን ኮሌታ ነው። በግራ ትከሻ ላይ እንደ ቅጠል የሚታጠፈውን። ያን እጥፋት እስካገኘው ድረስ ሦስት ወር ሙሉ ጨርቅ አበላሽቻለሁ።

«ማን ሰፋላቸው?» አልኳት አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ።

«የጆሲ ዲዛይን ነው። አያውቁትም እንዴ?»

አላውቀውም እንዴ... ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ያስተማርኩት እኔ።

ሳልበላ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ከረዳቱ ጋር ተጣላሁ። በምን እንደሆነ አሁን አላስታውስም።

ጥቅምት 10

ምንም አልሰፋሁም። መቀሱን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ንዴት ነው።

ጥቅምት 11

ጆሲ ጋ ሄድኩ። ሰፊ ሱቅ፣ ትልቅ መስታወት፣ ሁለት ሠራተኛ። ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ፣ ለስላሳ አስመጣልኝ። የባሰ ያናደደኝ ይሄ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ኮሌታው የኔ ነው» አልኩት።

«አዎ ጋሼ። እርስዎ አይደሉ ካርቶኑን የሰጡኝ?»

ጨርቁ ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን የምንቆርጥበትን ካርቶን ማለቱ ነው።

«ሲሰጡኝ ‹እንካ፣ ጸጋ አይሸጥም› አሉኝ። የእርስዎን ስም ላድርግበት ስልዎትም ለአንገት ስም አይወጣም ብለው ሳቁ።»

ልክ ነው፣ ብያለሁ። በዚያች ቀልድ ኮርቼ ለስንት ሰው አውርቻታለሁ...

ምን ልበለው? አልሰረቀኝም። «የለስላሳውስ ዲዛይን የማነው?» ብዬ አስቄው ወጣሁ። ደጅ ስደርስ ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ። የኔ ነው ማለት በሚገባኝ ቦታ ሁሉ እቀልዳለሁ። ስፌት ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ።

ጥቅምት 13

ራዕይ እየሳቀች ገባች። እሷም ትሰፋለች፤ ሲታጠፍ ቦርሳ የሚሆን አንቀልባ ፈጥራ ሰባት ወር ለፍታበታለች። አቶ በየነ ወደዱት። የልጆች ልብስ በጅምላ ይነግዳሉ፣ የነራዕይ ቤተክርስቲያንም ሽማግሌ ናቸው።

«ካርቶኑስ?»

«እሳቸው ጋ ነው። እስከ እሁድ ሊያዩት።»

«የተሰፋውን ማየት አይበቃም? ካርቶን ምኑ ይታያል?»

«ጋሼ፣ ሽማግሌ እኮ ናቸው። አላምንዎትም ልበላቸው?»

ጮህኩባት። ደደብ አልኳት። ይህ ቃል ለሷ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

አለቀሰች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አንተስ? ለሁሉም ስለሰጠህ አይደል ሰው ሁሉ የሚወድህ?»

መስጠቱን ከማን ተማረችው? ከኔ።

ጥቅምት 16

የነራዕይ ቤተክርስቲያን አዳራሽ ሞልቷል። አቶ በየነ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ገና ማይኩን ስይዝ ሰው መሳቅ ጀመረ፤ ለምደውኛል።

«እንደ አዲስ ብጀምር ካርቶኔን አልሰጥም» አልኩ። «የሰፋሁት ላይ ስሜን አኖራለሁ። የማነው ሲሉኝ የኔ ነው እላለሁ።»

ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

«አቶ በየነ፣ የራዕይን ካርቶን ዛሬ ሊመልሱላት ነበር፣ አይደል?»

«መኪና ውስጥ ነው» አሉ።

«እንጠብቅዎታለን።»

ጠበቅናቸው። አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ። ይዘው መጡ። ራዕይ ተቀብላ ገለበጠችው። ጠርዙ ዙሪያውን ሰማያዊ እስክሪብቶ ነክቶታል። ቀድተውታል።

እሳቸውን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ የምሬን ተናገርኩ... እሱም ካለፈ በኋላ።

ጥቅምት 17

እህቴ ደወለች። «ሽማግሌ አዋረድክ» ብላ ዘጋችብኝ።

ጥቅምት 21

ራዕይ የስፌት መኪናዋን ወደ እኔ ሱቅ አመጣች። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ «እሺ» ብቻ አለች። አንቀልባውን ከማሰሪያው ጀምራ እየለወጠችው ነው። ስሟን ጨርቁ ራሱ ላይ ትሰፋዋለች፤ ሳይቀደድ አይወጣም።

ከሰዓት ገረሱ መጣ፣ የ18 ማዞሪያው ኳየር መሪ።

«ጋሼ፣ የኮሌታዋን ካርቶን ለሁለት ቀን ያውሱኝ። የኛ ልጅ ይሰፋዋል።»

«አላውስም።»

ፊቴን እያየ ቆመ። ቀልዴ እስኪመጣ እየጠበቀ ነው። አልመጣም።

«አሞዎታል እንዴ?»

«ደህና ነኝ። እኔ እንድሰፋላችሁ ከፈለጋችሁ ሰኞ ኑና ልካችሁን ልውሰድ።»

እሺም እምቢም ሳይል ወጣ። ጀርባውን ሳይ ልጠራው አፌን ከፍቼ ነበር... ዘጋሁት።