የማቀዝቀዣውን ቁልፍ ይዘው ወደ መሪነት ላደጉት ሥራ አስኪያጃችን

ለተከበሩ አቶ ክንዱ፣
የሐይቅ ዳር ዓሣ አስጋሪዎችና ነጋዴዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ (ይቅርታ፣ መሪ)
ባሕር ዳር

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ከአምስት ቀኑ የአመራር ሥልጠና በሰላም በመመለስዎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አባል በየእምነቱ አመስግኗል፤ በሆቴሉ ምግብ ሞላ ብለው መምጣትዎንም አይተን ደስ ብሎናል።

በተመለሱ ማግስት ሰብስበውን፣ ሥራ አስኪያጅ ሥራ እንደሚያስኬድ፣ መሪ ግን ራእይ እንደሚያሳይ ሲያስተምሩን ከፊት ወንበር ተቀምጬ ማስታወሻ ይዣለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራ ማስኬዱን እርግፍ አድርገው ስለተዉት፣ ትምህርቱ በሚገባ እንደገባዎት ለመመስከር ያህል ጥቂት ነጥቦች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. የዓሣ ማቀዝቀዣውን ክፍል ማለዳ መክፈት ለመሪ አይመጥንም ብለው መምጣት አቆሙ፤ ቁልፉን ግን ለሚመጥነው ሰው ለመስጠት አልፈቀዱም። ይህ ብልሃት ከሥልጠናው የተገኘ ይሁን የራስዎ ፈጠራ፣ እስካሁን አላወቅሁም።

፪. በዐቢይ ጾም፣ ከተማው ሁሉ ዓሣ ዓሣ በሚልበት ሰሞን፣ ባለፈው ማክሰኞ ከቁንዝላ የመጡት አስጋሪዎች ቆሮሶ ዓሣቸውን በተዘጋ በር ፊት አራግፈው ፀሐይ ስትወጣባቸው አሥራ አራት ጊዜ ደወልሁልዎ። ምስጋና ይግባዎትና በአሥራ አምስተኛው አንስተው፣ ራእይ እየጻፉ ስለሆነ እንዳልረብሽዎ ነገሩኝ። እኔስ መረብ ሻጭ ነኝ፤ መረብ ቢውል አይሸትም። ሌሊቱን ውኃ ላይ ያደሩት ሰዎች ግን ምን ያድርጉ? ራእይዎን እንደ በረዶ ዓሣው ላይ ይነስንሱት?

፫. እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። መዛኛችን ወይዘሮ ሰሚሐ ያን ዕለት ድንጋይ አንስታ ጓጉንቸሩን ሰበረችው፤ መስበሯንም በገዛ እጇ መዝገብ ላይ ጽፋ ፈረመች። ከዚያ አስጋሪዎቹን አሰልፋ፣ ከሩቅ የመጣውን አስቀድማ፣ የራሷን ወንድም መጨረሻ አቁማ፣ ዓሣውን አንድ ሳይበላሽ አስገባች። ማንም ላይ አልጮኸችም፤ ሁሉም ግን ታዘዛት። እኔም ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ፣ እርስዎ ካስተማሩን በታች ይህንን ጻፍሁ።

እርስዎ በማግስቱ ንብረት አውድማለች ብለው ከሥራ የምትሰናበትበትን ደብዳቤ ከነግልባጩ አዘጋጁ። ለዚህ ጊዜ ሥራ ማስኬዱ አልጠፋብዎትም! ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿ የሚያድሩት በዚያች ደመወዝ መሆኑን እርስዎም ለቅሶ ደርሰው ያውቃሉ። ተናድጃለሁ፣ አቶ ክንዱ፤ አጉል ጨዋነት ምን ያደርጋል፣ በጣም ተናድጃለሁ።

ስለዚህ የስንብት ደብዳቤውን ቀድደው እንዲጥሉልን፣ ቁልፉንም ማለዳ ለሚነሣ ሰው እንዲያስረክቡልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ራእዩ ተጽፎ እስኪያልቅ ዕድሜም ብዕርም እንዳያጥርዎ የሚመኝልዎ፣

አብዱልበሲጥ ኑርሑሴን
መረብ ነጋዴና የማኅበሩ አባል

ማስታወሻ፦ የፊታችን ሐሙስ፣ ደብዳቤው ሳይሰጣት በፊት ሰሚሐን ጠርተው ስለ ጓጉንቸሩ ሲጠይቁ ቢሮዎ ስለማይበቃን ትልቁን አዳራሽ ቢያስከፍቱ ደግ ነው። መቶ ስድሳ ሁለት አባላት ጓጉንቸሩን አብረን ሰብረናል ብለን ፈርመናል፤ የእህትዎ ልጅ ቴዎም ፈርሟል። ተከታይ የሌለው መሪ የለም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና፣ ከሰሚሐ ኋላ ተሰልፈን ስንገባ ደንግጠው መንገድ እንዳይዘጉብን አደራ።