ትከሻዬን የሚይዝ ሰው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ደረጃውን እሺ አለሽ ወይስ አሁንም ያጉረመርማል? ሳልሽ ለቀቀሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጀምር፣ ከሩቅም ቢሆን ውሸቴን ታውቂብኛለሽ። ጤናዬ ደህና ነው። ግን ፈርቻለሁ፣ እማ። ልብስ ሳጣጥፍ፣ ጥርሴን ስቦርሽ ሁሉ ፍርሃቱ አይለቀኝም።

ጀርባዬን በማደንዘዣ መርፌ ካስወጋሁ ልጅሽ እንዳልሆንኩ በስልክ ነግረሽ ከዘጋሽብኝ ወዲህ አልደወልኩም። አኩርፌ እንዳይመስልሽ። ድምፅሽን ከሰማሁ አለቅሳለሁ፣ ካለቀስኩ ደግሞ የደበቅኩት ሁሉ ያመልጠኛል። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ አማችሽንም መልእክተኛ አደረግኩት። አንብበሽ እስክትጨርሺ በር ላይ ይጠብቃል። ቁጭ በል በይው፤ ካላሉት አይቀመጥም።

የምወልድበት ኦፕሬሽን ሰኞ ጠዋት ነው። የምትፈሪው መርፌ ቀጭን ነው፣ የሚገባውም ከወገብ ላይ ነው። ከዚያ በታች ያደነዝዛል እንጂ አእምሮን አያስተኛም፤ በሥራዬ ማደንዘዣ የምሰጣት ወላድ ሁሉ ነቅታ የልጇን ለቅሶ ትሰማለች። ኦፕሬሽኑ ሲያልቅ ደግሞ እኔ በአልትራሳውንድ እያየሁ በሆዷ ግራና ቀኝ፣ በጡንቻዎቹ መካከል ሌላ ማደንዘዣ እሰጣታለሁ። የጀርባው ሲለቃት ቁስሉ እንዳይነድባት ነው። አልዋሽሽም፣ የተወጋው ቦታ ጥቂት ቀን ሊያማት ይችላል፣ ራስ ምታት የሚይዛቸውም አሉ። ግን ቀና ብለው ይሄዳሉ።

ይህን ለስንቷ ሴት አስረድቻለሁ መሰለሽ! ለራሴ ሳስረዳው ግን አልገባኝ አለ። ካላወቁ አለቁ ይባላል፤ እኔ ደግሞ አውቄ ላልቅ ነው። የአንዷ የደም ግፊት ሲወርድ ድምፄን አለዝቤ ለልጁ ምን ስም እንዳሰበች እጠይቃታለሁ። እሷ ስትተርክልኝ እጄ መድኃኒቱን ይሰጣል፤ መደንገጤን አታይም። ሰኞ ዕለት ባልደረባዬ ስለ ስም ብትጠይቀኝ ልቤ ቀጥ ትላለች። የቤቱን ተንኮል የምታውቅ ሴት በምን ትታለላለች?

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መርፌው ሲገባ ወላዷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አገጯን ደረቷ ላይ አድርጋ ጀርባዋን ታጎብጣለች። እንዳትነቃነቅ ከፊቷ አንድ ሰው ቆሞ ትከሻዋን ይይዛታል፣ እሷም ግንባሯን እሱ ላይ ታሳርፋለች። አለቃዬ ማን እንዲይዘኝ እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ ባለቤቴን አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀኑን ሙሉ ሥጋ ሲቆርጥ የሚውል ሰው መርፌ ሲያይ ላብ እንደሚያጠምቀው የማያውቅ የለም። መጀመሪያ እሱን ከወለል ላይ ልናነሳ ነው አሉኝ። ነርሶቹ እንያዝሽ ብለውኛል። ግን እነሱም እንደኔ ሁሉን ያውቃሉ፤ እጃቸው ቢጠብቅብኝ ምን አይተው ይሆን እላለሁ።

እማ፣ ያንቺን ወሊድ የነገርሽኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ልብስ እያጠብሽ፣ ፊትሽን አዙረሽ። ሙሉ በሙሉ አስተኝተውሽ ስትነቂ እኔን አስታቀፉሽ። መንታ እህቴ ግን ደካማ ስለሆነች ከኮሪደሩ ማዶ ሙቀት ክፍል ገብታለች አሉሽ። ልትነሺ ስትሞክሪ ቁስሉ እሳት ሆነብሽ። ማስታገሻ ብትለምኚ ወላድ ሁሉ ያማታል፣ ቻይው አሉሽ። ግድግዳ ተደግፈሽ እዚያ ስትደርሺ አልጋዋ ተነጥፎ ነበር። ፊቷን ሳታዪው ቀረሽ።

ማደንዘዣ ሲባል የምትቆጪው ለዚህ መሆኑ ይገባኛል። እኔም ይህን ሥራ የመረጥኩት ለዚሁ ነው። ማታ በእግሯ ኮሪደሩን የምታቋርጥ ወላድ ባየሁ ቁጥር አንቺን አያለሁ። ሰኞ ማታ እኔም መነሳት አለብኝ፤ ሐኪሟ የሙቀት ክፍሉ እንደማይቀርልን አስቀድማ ነግራኛለች። የምፈራው መርፌውን አይደለም። እዚያ ክፍል ዘግይቼ መድረሴን ነው የምፈራው።

እና ነይልኝ። ከፊቴ ቁሚ፣ ትከሻዬን ያዥኝ፣ ሌላ ምንም ማወቅ የለብሽም። ልጅ ሳለሁ እሾህ ስታወጪልኝ እንደምትዪው አትነቃነቂ በይኝ፤ አልነቃነቅም። ስለ ስም ብቻ እንዳትጠይቂኝ። በር ላይ ያለውን ሰው ብቻውን አትመልሽብኝ፣ መኪናው ውስጥ ለጉልበትሽ ትራስ አድርጎልሻል።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ክፉ አይንካሽ። የሚያጉረመርመውን ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ስትመጪ የተጠቀለልኩባትን የሕፃን ብርድ ልብስ ይዘሽልኝ ነይ። ከሣጥኑ ሥር ያለችውን፣ ማንም ያልተጠቀለለባትን የእህቴንም ጨምሪልኝ፤ ሁለት ናቸው።

ልጅሽ