ማራገቢያው ዝም ካለ ወዲህ

ውድ ልጄ፣

ጥፋተኛው አንተ ነህ። ሚስትህ አይደለችም፤ ወዳጅህ ጠጋኙም አይደለም። እሱማ ያዘዝከውን ሠራ። አንተ ነህ፣ ሥራ ብለህ ርቀህ ሄደህ፣ ከዚያ ሆነህ ቤቱን ዝም ያሰኘኸው።

አዎ፣ ኮምፒውተሩ ይጮኻል ብዬ በስልክ ነግሬሃለሁ። ወፍጮ ቤት መኖር ሰለቸኝ፣ ጆሮዬ ደነቆረ ብያለሁ። ግን እኔ የማላማርርበት ምን ነገር አለ? ስለ ደረጃውም፣ ስለ ጎረቤቱ ሳልም አማርሬያለሁ። ደረጃውን አፍርሰህ አልሠራህልኝም፤ ጎረቤቱንም ሐኪም ቤት አልወሰድክልኝም። ከሁሉ መርጠህ ይህችን ሰማህ።

«ብሎን» የምትሉት ጓደኛህ መጣ። ለምን ብሎን እንዳላችሁት ገባኝ፤ የፈታውን ብሎን ሁሉ ከንፈሩ መሐል ይዞ ነው የሚያወራው። ኮምፒውተሩን ነቅሎ ወለሉ ላይ አስተኛውና ኤሌክትሪክ የሚቀበለውን ሣጥን አወጣ። ልነካው እጄን ስዘረጋ ጮኸብኝ።

«እማማ፣ እንዳይነኩት! ይኼ ተነቅሎም ይነዝራል። ውስጡ የቀረ ኃይል አለ።»

«እንደ እማማ ነው በለኛ!» አለች ሚስትህ ከወጥ ቤት።

ሰምቻለሁ። እንግዳ ፊት ስለሆነ ዋጥኩት።

ጥቂት አቆይቶ ሣጥኑን ከፈተው። የወጣው አቧራ ትራስ ይሞላ ነበር። አሮጌውን ማራገቢያ አውልቆ በጣቱ ቢያሽከረክረው፣ ጥርሱ እንደተነቃነቀ ሰው ይንቀጫቀጫል። ከዚያ አዲሱን አመጣ። ቀዩን ሽቦ ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ አገናኝቶ፣ ነፋሱ ወደ ውጭ እንዲወጣ አዙሮ፣ እንዳይንቀጠቀጥ ጎማ አስደግፎ አሰረው። ሲያበራው ድምፅ የለም።

«ገደልከው!» አልኩት።

«ይሠራል እማማ። መዳፍዎን ከኋላው ያድርጉበት።»

አደረግሁ። ለብ ያለ ነፋስ መጣ፣ የተኛ ሕፃን ትንፋሽ የመሰለ። መረቅሁት። ያንን ምርቃት አሁን መልሼ ብወስደው ደስ ይለኛል።

ልጄ፣ አንተ ፊደል የቆጠርከው በሕፃንነትህ ነው፤ ዓይንህ ሲያነብ አፍህ ያርፋል። እኔ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው የተማርኩት። ፊደሉ ከአፌ ካልወጣ በጣቴ አይወርድም። ስጽፍልህ እያንዳንዷን ጮክ ብዬ እጠራታለሁ። ያ ወፍጮ እየጮኸ ማን ይሰማኛል? በልጇ ቤት፣ በምራት እጅ ለምትኖር ሴት፣ የልቧን የምትናገርበት ጥግ ያ ብቻ ነበር። እሱን ነው የወሰድክብኝ።

ብሎን በሄደ ማግስት ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። ሚስትህ ጓዳ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች።

«ሚ... ስ... ት... ህ...» አልኩና ቆምኩ። «ሰነፍ በንጉሡ ሠ ነበር እንዴ?»

«በእሳቱ ሰ ነው እማማ!»

«ተባረኪ» ብዬ ጻፍኩት።

ፍ ላይ ስደርስ ነው ክው ያልኩት።

ዞር ብል፣ ካውያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

«ይቀጥሉ እንጂ» አለችኝ። «‹ናት› ይቀራል።»

በዚህ ዕድሜዬ ሻንጣ ተሸክሜ የማንን በር ላንኳኳ ነው?

«ልታስወጪኝ ነው?» አልኳት።

«ምን አስወጣዎታለሁ? እኔም ስለ እርስዎ እጽፍለታለሁ። እኔ ግን አፌን ዘግቼ ነው የምጽፈው።»

«ምን ብለሽ?»

«ነዝናዛ ብዬ።»

«ጎሽ። ዘ አንድ ብቻ ነው፤ አትሳሳቺም።»

ሳቋ አመለጣት። የእኔን ሳቅ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት።

«እሱስ ምን ይልሻል?»

«ምን ይላል፣ ‹እውነትሽን ነው፤ አርጅታለች፣ ምን ታደርጊያታለሽ፣ ለእኔ ስትዪ ቻያት› ይላል።»

ልጄ! ለእኔስ ምን ነበር የምትለኝ? «እውነትሽን ነው እማዬ፤ ልጅ ናት፣ ምን ታደርጊያታለሽ፣ ለእኔ ስትዪ ቻያት።» እርጅናውን በልጅነት ለውጠህ፣ የቀረውን እንዳለ! እኔ ለእኔ ያደላህ መስሎኝ አንገቴን ቀና አድርጌ በዚህ ቤት ስንጎራደድ፣ እሷም ለራሷ እንደዚያው ስትንጎራደድ ኖራለች። በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ሁለት አሸናፊ እየተገፋፋን!

ነገርኳት። ካውያውን አስቀምጣ ወንበር ሳበች። እስከዚያች ቀን አጠገቤ ተቀምጣ አታውቅም ነበር።

አሁንም እዚሁ ናት፤ ፊደሌን ታቃናልኛለች። የተኮሰችው የቀሚሴ ኮሌታ የተጨማደደ ነው ብዬ ነግሬያታለሁ፤ «ራስዎ ይተኩሱት» ብላኛለች። እኔ ሰነፍ ናት ባልኩት እንደጸናሁ ነኝ፤ እሷም ነዝናዛ ናት ባለችው። ግን ፊት ለፊት ነው፤ ስንጨርስም አንዷ ሌላዋን ለራት ትጠራለች። ሽማግሌ አላስፈለገንም፣ ይልቁንም እንዳንተ ያለ።

ራስህን ጠብቅ፤ ሲበርድ ደርበህ ልበስ። ሚስትህም ይህን ይጻፉለት ብላኛለች።

እናትህ ነኝ፤ ከእንግዲህ ግን ለአንተ ብዬ ማንንም አልችልም።